ከሌንሴ ጀርባ ስለነበረው ጉምና ስለ ባለቤቴ ዓይኖች

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን መስመር ያለ ሰው እርዳታ በራሴ እጅ እየጻፍኩ፣ የጻፍኩትንም መልሼ እያነበብኩ መሆኔን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ አልጠራጠርም፤ ክፍልዎ እንዲህ ያለው ነገር ዳግመኛ እንደማይሆንልኝ በፊርማና በማኅተም አረጋግጦልኝ ስለነበር፣ ደስታዎ ከትንሽ መገረም ጋር እንደሚሆን እገምታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በማተሚያ ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሰው ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ማሽን ከመግባቱ በፊት ስህተቱን ለቅሜ የማወጣ ሰው ነበርኩ፤ ባልደረቦቼም «ወንፊት» ይሉኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የተማሪ መጻሕፍት እቤት ድረስ እየመጡልኝ አርም ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። «ነበር» ያልኩት በስህተት አይደለም።

ከቅሬታዬ አስቀድሜ ምስጋናዬን ማቅረብ ይገባኛል፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ። የሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ ያወጡልኝና ሰው ሠራሽ ሌንስ የተኩልኝ የክፍልዎ ቀዶ ሐኪም እጃቸው የተባረከ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ሰማዩን እንደ ታጠበ ሳህን አየሁት። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ዓለም ሁሉ በዘይት ወረቀት የተሸፈነ መሰለ። ፊደላቱ ከዘይት ወረቀቱ ሥር አሉ፤ ይታዩኛል፤ ግን ጠርዝ የላቸውም። የመኪና መብራት ሲመጣብኝ እንደ ዱቄት ይበተናል። እንግዲህ ወደ እርስዎ ተመልሼ መጣሁ፤ ቅሬታዬም ከዚሁ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ያልኩትን በትዕግሥት ስላዳመጡኝና ሌላ ነገር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የዘይት ወረቀቱን ነገር ለካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ለነርሷና ለሐኪሙ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ተናግሬ ነበር። በኋላ መዝገቤን ሳነበው በዚያ ቀን የሰፈረው ቃል «ዕድሜ» የሚል ሆኖ አገኘሁት። አጭርና ግልጽ ቃል ነው፤ የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም።

ከዚያ ወደ ጨለማዋ ክፍል ተወሰድኩ። እርስዎ ክፍሏን ቢያውቋትም በወንበሯ ላይ ተቀምጠውባት ስለማያውቁ በአጭሩ ልግለጽልዎ። አንድ ዓይንዎ ይሸፈናል፤ አገጭዎን ፕላስቲክ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከፊትዎ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር አለ፤ በሳህኑ ውስጥ እዚህም እዚያም ነጥብ የምታህል ብርሃን ብልጭ ትላለች፤ ባዩ ቁጥር በእጅዎ የያዙትን ቁልፍ ይጫናሉ። እኔ ብዙ ጊዜ አልተጫንኩም። ብርሃኗ መምጣት አለመምጣቷን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ መርማሪው ብቻ ከጀርባዬ አልፎ አልፎ እንዳልንቀሳቀስ ይነግሩኝ ነበር። ስወጣ ወረቀቴ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ መሣሪያ የዓይኔን ነርቭ ፎቶ አነሣ፤ በእሱም ወረቀት ላይ ነርቩ ሳስቶ ታየ።

ወጣቱ ሐኪምዎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። እኔን ያዩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«እማማ፣ ግላኮማ ነው። ነርቭዎ እየሞተ ነው» አሉኝ። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ እንሞክራለን።»

ቸር ሰው ናቸው፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ የአስታማሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጄን ያዘ፤ የእሱ እጅ ሁልጊዜ ሻካራና ሙቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሌንሴ ጀርባ ስላለችው ሽፋን። ክቡርነትዎ በሙያው ያረጁ በመሆንዎ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ቢሆንም ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላውም ሰው ያንብበው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጥባት ስስ ሽፋን በቦታዋ ትቀራለች። ይህች ሽፋን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በብዙ ሰው ላይ ትደፈርሳለች፤ ብርቅ ነገር አይደለም። ስትደፈርስ ብርሃን በደንብ አያልፍም፤ ብርሃን ካላለፈ ሰውየው ቁልፉን አይጫንም፤ መሣሪያው ደግሞ ለምን እንዳልተጫነ ስለማያውቅ ጥቁር ይቀባል። ፎቶ የሚያነሣውም መሣሪያ በዚያው ጉም ውስጥ አሻግሮ ስለሚያይ ነርቩን ከሆነው በላይ ስስ አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። በጭጋግ መሐል ፎቶ የተነሣ ሰው ገርጥቶ ቢወጣ ታሟል ተብሎ አይቀበርም፤ መጀመሪያ ጭጋጉ ይገፈፋል። ሽፋኗ መደፍረሷን ለማወቅ የብሌን ማስፊያ ጠብታ አድርጎ በመብራቱ ማጉያ ሌንሱን ማየት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀጠሮዎች አንድም ጊዜ ብሌኔ አልሰፋም። ምክንያቱን ስጠይቅ ጠብታው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅና ሰልፉ ረጅም እንደሆነ ተነገረኝ። ግማሽ ሰዓቴን ስለቆጠቡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፦ ስለ ጠብታዎቹ። አንድ ጠርሙስ ተጀመረልኝ፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ወረቀቱ ይበልጥ ስለጠቆረ ሁለት ሆነ፤ በአምስተኛው ሦስት ሆነ። ጉሙ በወፈረ ቁጥር ነርቤ እየሞተ ነው ይባላል፤ ነርቤ እየሞተ ነው በተባለ ቁጥር ጠብታ ይጨመራል፤ ጠብታው በተጨመረ ቁጥር ዓይኔ ይቀላል። ጉሙ ግን ቅንጣት አልነካውም።

አራተኛው ቅሬታዬ እቤት የሆነው ነው። ክፍልዎ የሕመምተኛን ቤት የሚያይበት መሣሪያ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን እንደ ተጨማሪ የምርመራ ውጤት ይቁጠሩልኝ።

የተማሪ መጻሕፍቱን መለስኩ። ባለቤቴም ሥራ ቀነሰ፤ ቀጥሎም ጨርሶ ተወ። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው መታጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ በጨለማ የሠራ ሰው ነው፤ ዓይን ለሥራ ያን ያህል አስፈላጊ እንዳልሆነ፣ በእጅ ማየትን እንደሚያስተምረኝ እየቀለደ ነገረኝ። አስተማረኝም። የምድጃውን ማዞሪያ በሞረድ ጫረበት፤ አንድ ጭረት ትንሽ እሳት፣ ሁለት ጭረት መካከለኛ፣ ሦስት ትልቅ። የጨውና የስኳር ዕቃዎቹን ለመለየት በአንደኛው አንገት ላይ ለቧንቧ ጥርስ የሚጠቀለለውን ነጭ ፕላስተር ጠቀለለበት። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ድረስ ግድግዳው ላይ በወገቤ ልክ ቀጭን ቧንቧ ዘረጋ። ዓይኔን ጨፍኜ እንድሄድ ያደርገኝና እሱ ከኋላዬ ይከተላል፤ ስሳሳት አይናገርም፤ እንድደርስበት ይተወኛል።

ከቀትር በኋላ ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር። ሆን ብሎ ቃል እያጣመመ ያነባል፤ እኔ አርመዋለሁ፤ እሱም ወንፊቷ ገና አልተቀደደችም ይላል። ከጊዜ በኋላ ንባቡ እያጠረ መጣ። ትንሽ አንብቦ ያርፋል። የሰለቸው መሰለኝና ተቀየምኩት፤ ይህን ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሲያክክ እሰማ ነበር፤ የሱፉ ሹራብ ነው አለኝ። አንድ ቀን እጁን ስይዝ የእጅ አንጓው ቀጥኖብኝ ጠየቅኩት፤ መፍቻ ካልያዙበት እጅ ይቀጥናል አለኝ። አመንኩት። የሰው ፊት የማየው እንደ ነጭ ጭስ በሆነበት ጊዜ ከድምፁ በቀር የማምንበት ነገር አልነበረኝም።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ግላኮማ ነው በተባልኩ በአሥራ አንደኛው ወር ልትጠይቀን መጣች። በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ሻንጣዋ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ዓይንህ ለምንድነው ቢጫ የሆነው?» አለች።

እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ከዚያ ሰው ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖሬያለሁ፤ የሌላ ሰው ነጠላ ሰረዝ ቦታ ስትስት ከአንድ ክንድ ርቀት የምለይ ሴት ነበርኩ። የባሌን ዓይን ቀለም ከልጄ አፍ ሰማሁ።

ልጃችን ሆስፒታል ወሰደችው፤ ቆሽቱ ላይ የበቀለ እጢ የሐሞት ቧንቧውን ዘግቶት ነበር። ሐኪሙ ሲነግሩት አርባ ዓመት የሰው ቧንቧ ስከፍት የራሴ ተዘጋ ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ልጃችን ወጥታ በመተላለፊያው ላይ አለቀሰች። ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኩት፤ በየቀኑ ጢሙን የሚላጨው በመስታወት ነውና ቢጫውን ሳያየው አልቀረም። አይቼዋለሁ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ያየው እንደነበር አልደበቀኝም።

«ሐኪም ጋ ብሄድ አስተኝተው ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «ቤቱን ገና አስተምሬሽ አልጨረስኩም ነበር።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ወረቀት ያደረገው ይህን ነው። ልታወር ነው ስለተባልኩ ባለቤቴ ሕመሙን አቆይቶ ግድግዳ ላይ ቧንቧ ሲዘረጋ ከረመ። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ኖረ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ በሽታው ቀድሞም ቢታወቅ ያድኑት እንደነበር ሊምሉልኝ አልፈለጉም፤ ምናልባት ጥቂት ወራት፣ ምናልባትም ያነሰ ማሳከክ ይሆን ነበር አሉኝ። እኔ ያንኑ ጥቂት ወር ነው የምጠይቀው። በመጨረሻው ቀን ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ጉንጩ የት ጋ እንደጎደጎደ በጣቴ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚመስል ግን አላየሁም።

አምስተኛ፦ ይህኛው አጭር ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ በቆየባቸው በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ባለቤቴ እኔን እየመራ ሦስት ጊዜ ወደ ክፍልዎ መጥቷል፤ ሁለት ጊዜ ለጠብታ፣ አንድ ጊዜ ለምርመራ። በምርመራው ቀን ከሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ እያረፈ፣ ስለ እኔ ነርቭ ጥያቄ ጠይቋል፤ መልስም ተሰጥቶታል። ካርድ የሚሰጡ፣ ጠብታ የሚያድሉ፣ ነርቭ ፎቶ የሚያነሡ፣ ሁሉም የዓይን ባለሙያዎች ናቸው። ካርድ ስላልነበረው ይሆናል፤ ማንም ዓይኑን አላየውም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ስድስተኛው ቀጠሮዬ ደረሰ። ልጄ ናት የወሰደችኝ። የተለመዱት መርማሪ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ከሌላ ክፍል ተውሰው ያመጧት አንዲት ምትክ መርማሪ ተቀብላኝ፣ አገጬን አስደግፋ ፎቶውን አነሣች። እንደገና አነሣች። ከዚያ ይህ ፎቶ ለውሳኔ የሚበቃ እንዳልሆነ፣ መሣሪያው ራሱ እንዲህ እያለ እንደሆነ ነገረችን፤ ሌንሴን በቅርቡ ማን እንዳየውም ጠየቀች። ማንም እንዳላየው ነገርናት። ወረቀቱን አላትምም ብላ ተነሥታ ሐኪም ጠርታ መጣች፤ ብሌኔ ሰፋ፤ ሐኪሙ በማጉያው አይተው ብዙ ጊዜ ሳይወስዱ «ሽፋኗ ናት» አሉ።

በዚያው ሳምንት በጨረር ተከፈተችልኝ። ለሁለቱም ዓይኖች አሥር ደቂቃ አልሞላም። አላመመኝም። የቀኝ ዓይኔን ሲጨርሱ ገና ግራውን ሳይጀምሩ የሐኪሙን የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳዎች መቁጠር እችል ነበር። ወዲያው የተደገመው ምርመራም ነርቬ በዕድሜዬ ላለ ሰው ደህና የሚባል እንደሆነ፣ ከሦስቱ ጠብታዎች አንዱም እንደማያስፈልገኝ አሳየ።

እቤት ስገባ ልጄ በሩን ከፍታ አሳለፈችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ማያያዣዎቹ ሁሉ ውኃ ልክ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እጄ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ጫፎቹን በሞረድ አለስልሷቸው ነበር። ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚታጠፈው የመጨረሻው ክንድ ያህል ግን የተገጠመው በአንድ ብሎን ብቻ ነው፤ እዚያ ጋ ሲደርስ እጁ ደክሞት ይሆናል። ልጄ ቁጭ በይ እስክትለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።

ስድስተኛ፦ የመዝገቤን ቅጂ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሥራዬ ማንበብ ነውና ሁሉንም አነበብኩት፤ በየገጹ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር። ሌንሴ ከመታየቱ በፊት በተነሡት በአምስቱም የነርቭ ፎቶዎች ግርጌ ላይ መሣሪያው ራሱ በባዕድ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሯል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የምስሉ ጥራት ዝቅተኛ ነው፤ ውጤቱ በጥንቃቄ ይተርጎም» ይላል። አምስት ጊዜ ተናግሯል። እኔ ከተናገርኩት በሁለት ይበልጣል፤ የተደመጠው ግን እኩል ነው።

ከዚህ ግልጽ ደብዳቤ በፊት ለጻፍኩልዎ ለሁለተኛው ዝግ ደብዳቤዬ የላኩልኝ መልስ ደርሶኛል። (የመጀመሪያው ምናልባት አልታየ ይሆናል።) በመልስዎ ውሳኔዎቹ «በወቅቱ በነበረው መረጃ መሠረት» መሰጠታቸውን ገልጸውልኛል። በአራሚነቴ አንዲት ነገር ብቻ ባርም ቅር አይበልዎ፦ መረጃው በወቅቱ ነበረ። ያልነበረው አንባቢ ነው።

ምን እንደምፈልግ የክፍልዎ ሠራተኛ በስልክ ጠይቀውኝ ነበር። ማንም ሰው ከሥራው እንዲባረር አልጠይቅም፤ ወጣቱ ሐኪም በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ በአግዳሚው ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ ቆጥሬያለሁ። የምጠይቀው ሞራው ወጥቶለት ሌንስ የተተከለለት ሰው ሁሉ ነርቩ ሞተ ከመባሉ በፊት ሽፋኗ እንድትታይለት ነው። በዚያ አግዳሚ ላይ ከእኔ ጎን የምትቀመጥ አንዲት ሹራብ ሠሪ አለች፤ እሷም ከሁለት ዓመት በፊት ሌንስ ተተክሎላታል፤ እሷም ሦስት ጠብታ ይዛለች፤ ሥራዋን ለእህቷ ልጅ አስረክባ የቤቷን ግድግዳ እየዳሰሰች መልመድ ጀምራለች። ወረቀቷን አሳየችኝ። ግርጌውን አነበብኩላት። ጽሑፉ አንድ ነው። ምትኳ መርማሪ ደግሞ ወደ ቀድሞ ክፍሏ መመለሷን ሰምቻለሁ፤ የአንድ ቀን ወረቀት ሳታትም በመቅረቷ ወቀሳ እንዳልደረሰባት ተስፋ አደርጋለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ክፍልዎ በዘመናዊ መሣሪያ ላይ ዘመናዊ መሣሪያ እንዲጨመርለት፣ ከመሣሪያዎቹም መካከል አንዱ የሰው ፊት የሚያይ እንዲሆንለት እመኛለሁ።

ለሁለቱ ዓመት ብርሃን ከልብ አመስጋኝዎ፣ ለአሥራ አራቱ ወር ጉም ቋሚ ምስክርዎ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ጡረተኛዋ አራሚ፣
የቧንቧ ሠራተኛው ባለቤት

ተጨማሪ፦ ይህን ፈርሜ ፖስታውን ሳላሽግ ከካርድ ክፍልዎ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ሴት እጅግ ትሑት ናቸው፤ በስሜ ጠርተው ጤንነቴን ጠየቁኝ፤ ሰባተኛው ምርመራዬ ማክሰኞ ጠዋት መሆኑንም ነገሩኝ። ቀጥለውም «እንደ ሁልጊዜው ጋሼ ይዘውዎት ይመጣሉ አይደል?» አሉኝ። ብቻዬን እንደምመጣ ነገርኳቸው። ችግር የለም ብለው መዘገቡት።